ተያዥ አላት!

ሰሞኑን አንድ ክርስትና ላይ አጠገቤ የተቀመጡ አባወራ ለሰባት ወር ልጃቸው ሞግዚት መቅጠራቸውን በኩራት ያወራሉ። ስሟን ጠየቅኳቸው። ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። ባለቤታቸውም ወደ እሳቸው ዞሩ። "ገና ትናንት ነው የገባችው፤ ግን ተያዥ አላት!"

እንዲህ ያለውን ጥንቃቄ ሳያደንቁ ማለፍ ንፉግነት ነው። ልጃችንን የሚያሳድግልንን፣ እናታችንን የሚጦርልንን ሰው የምናጣራበት መንገድ አጭርና የማያዳግም ነው። ለደላላው ይደወላል። ደላላው "አንድ ጨዋ ልጅ አለችኝ" ይላል። (ደላላ ዘንድ ጨዋ ያልሆነች ልጅ ኖራ አታውቅም።) ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ፌስታሏን ይዛ በር ላይ ናት። ከዚያ ፈተናው ይመጣል፦ ዶሮ ወጥ ትችያለሽ? ስልክ ታበዣለሽ? ጓደኛ አለሽ? ሕፃኑን ምግብ ትን ቢለው ምን ታደርጊያለሽ ብሎ የሚጠይቅ የለም። መልሱን ፈታኞቹም ስለማያውቁት ይሆናል። የቀድሞ አሠሪዋ ዘንድ መደወልማ ነውር ነው፤ ቢደወልም ከዚያ ቤት የወጣችው አክስቷ ሞታባት ነው።

እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው ተያዡን ነው። መታወቂያው የኮፒ ኮፒ፣ የኮፒም ኮፒ ሆኖ ፎቶው ላይ ከአንድ ጆሮ በቀር የሚለይ ነገር የለም። በመላው አዲስ አበባ ያለው ተያዥ አንድ ሰው ብቻ መሆኑን መጠርጠር ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ጎሮ ላለችው ሞግዚት ዋሷ እሱ ነው፣ ሲኤምሲ ላለችው ምግብ አብሳይ እሱ ነው፣ አየር ጤና አዛውንት ለምታስታምመውም እሱ ነው። ሲደወልለት ሁልጊዜ ታክሲ ውስጥ ነው። "እህቴ ናት" ይላል። የሶዶዋ እህቱ ናት፣ የደብረ ማርቆሷ እህቱ ናት፣ የጅማዋም የወልድያዋም እህቶቹ ናቸው። አባታቸው የከባድ መኪና ሹፌር የነበሩ መሆን አለባቸው። "ስሟ ማነው?" ሲሉት ኔትወርክ ይቆራረጣል። "ዕድሜዋስ?" "ለሥራ ደርሳለች!" ቤቱ "ከድልድዩ ዝቅ ብሎ" ነው። ይህች ከተማ ድልድይ ስለማይጠፋት መልሱ ስህተት ሊሆን አይችልም። መሥሪያ ቤቱስ? "መንግሥት።" ደመወዙ? ለእህቶቹ ሁሉ ለመዋስ የሚበቃ። ይህ ሰው እህቶቹን ለፋሲካ ልጥራ ቢል ድንኳን አይበቃውም፣ የመስቀል አደባባይን ማስፈቀድ ይኖርበታል። ስልኩን የዘጋ ዕለት ደግሞ ግማሹ ከተማ ያለ ዋስ ያድራል። እስካሁን እንደ አገር ባለውለታ አለመሸለሙ ያሳፍራል።

የሚፈርመውን ወረቀት አንብባችሁታል? "ዕቃ ጠፍቶ ቢገኝ እከፍላለሁ" ይላል። ወርቁ አለበት፣ ቴሌቪዥኑ አለበት፣ ጥሬ ገንዘቡ አለበት። ሕፃኑ የለበትም። አያቱም የሉበትም።

ባሕር ማዶ ያሉት ወገኖቻችንም በዚህ ጥበብ ወደ ኋላ አልቀሩም። ሜሪላንድ ሆና የፈረንጅ አሮጊት የምትንከባከበዋ የአገራችን ልጅ ለሥራው ፈቃድ አሻራ ሰጥታለች፤ የወንጀል ታሪኳ ተፈትሿል። ኮልፌ ለቀሩት እናቷ ግን ሠራተኛ የምትቀጥረው በቪዲዮ ጥሪ ነው። "እስቲ ፊቷን አሳዩኝ… እሺ፣ ደህና ትመስላለች።" እናት ስኳር አለባቸው። ስኳሩ ወርዶ ላብ ሲያጠምቃቸው፣ ሲንቀጠቀጡ፣ ቶሎ ጣፋጭ ነገር ማቅመስ እንደሚያስፈልግ ለልጅቷ የነገራት የለም። ኢንሱሊኑ ፍሪጅ ውስጥ የት እንዳለ ግን ታውቃለች፤ ፍሪጁን በየሳምንቱ እንድትወለውል ተነግሯታል። እዚህም እኮ አሻራ ተሰጥቶ ከፖሊስ የሚወጣ "ከወንጀል ነፃ" የሚባል ማስረጃ አለ። እኛ የምናውቀው ቪዛ ስንጠይቅ ነው።

አውቶቡስ ተራ ወርዳ በዚያው ቀን በደላላ እጅ የገባችውን የ13 ዓመት ልጅስ? "18 ሞልቷታል" ተብላ፣ ራሷ ልጅ ሆና፣ ሕፃን አዝላ የሱቅ ደጃፍ ላይ ቆማ አይታችኋታል። አይታችሁ አልፋችኋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ የቤት ሠራተኛዋን ግን ደንብ ይወጣልሻል ብሎ ደጅ ላይ አቁሟታል። እሺ፣ ሕጉ ቀዳዳ አለው። እኛ ዓይን የለንም? ፊቷን አይቶ ልጅ መሆኗን ለማወቅ የማን ማኅተም ያስፈልጋል? ደግሞስ ስለ እኛ ማን አጣራላት? የምታድርበት ክፍል ከውስጥ ይቆለፍ እንደሆነ፣ የቤቱ ጌታ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ፣ ከእሷ በፊት የነበረችው ልጅ በሌሊት ለምን እንደወጣች ደውሎ የጠየቀላት ማን ነው? ለእኛ ተያዣችን ማን ነው?

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ተያዡ ያልሸፈነው ነገር ካለ ብለው ካሜራ የሚያስገጥሙ አርቆ አሳቢዎችም አሉን። ካሜራው ሳሎን ነው የሚተከለው፣ ከቡፌው ፊት ለፊት። ሕፃኑ የሚተኛበት ክፍል ዋይፋይ አይደርስም። አንድ ወዳጄ ቢሮው ቁጭ ብሎ ቀኑን ሙሉ በስልኩ ቡፌውን ይከታተላል። እስካሁን አንድም ብርጭቆ ከቦታው አልተነቃነቀም።