«ተለውጫለሁ» ማስረጃ አይሆንም

ሰሞኑን በአንድ የቴሌቪዥን ውይይት ላይ የቀረቡ ኃላፊ፣ የሚመሩት የወጣቶች የሰብዕና ግንባታ ስልጠና ውጤታማነቱ «በጥናት ስለተረጋገጠ» በሚቀጥለው ዙር ወደ ሌሎች ከተሞች እንዲሰፋ መወሰኑን አበሰሩን። ከተወያዮቹ አንዷ፣ ያልሰለጠኑ ወጣቶችም ጎን ለጎን ተለክተው እንደሆነ ጠየቋቸው። ጥያቄው አጭርና ጨዋ ነበር። መልሱ ግን ረዘመ፤ ሲጨመቅ፣ ማነጻጸሪያ ቡድን የሚባለው ነገር የሀብታም ሀገር ተመራማሪዎች ቅንጦት ነው፣ ሰልጣኙ በገዛ አንደበቱ ተለውጫለሁ እያለ ሌላ ማስረጃ መሻት ወጣቱን አለማመን ነው የሚል ነው። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች እንደሚባለው፣ የተጠየቀው ስለ ጥናቱ አሠራር ሆኖ ሳለ የተመለሰው ስለ ወጣቶቹ ክብር ሆነ። አወያዩም አመስግኖ ወደ ማስታወቂያ ሄደ።

ጥናት የተባለው ነገር ምን እንደሆነ ኃላፊው ራሳቸው አስረድተዋል። ስልጠናው ሲጀመር ወጣቶቹ መጠይቅ ሞሉ፤ ሲያበቃ ያንኑ መጠይቅ ደግመው ሞሉ፤ አማካይ ውጤቱ ጨመረ። በቃ። አሜሪካውያኑ የምርምር ዘዴ ሊቃውንት ዶናልድ ካምቤልና ጁሊያን ስታንሊ እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተሙት፣ እስከ ዛሬም በሥነ ልቦና የምርምር ዘዴ ትምህርት በሚጠቀስ ሥራቸው፣ ይህንኑ ንድፍ ያቀረቡት በመጥፎ ምሳሌነት ነበር። ከስድሳ ዓመት በኋላ መጥፎው ምሳሌ የሀገር ፕሮግራም ማስፋፊያ ሰነድ ሆኖ በክብር ቀረበልን።

ስልጠናው ሳምንታት የወሰደ ነው። በእነዚያ ሳምንታት በወጣቶቹ ሕይወት ውስጥ ከስልጠናው ሌላ ምንም አልተከሰተም ብሎ የሚያምን ካለ እጁን ያውጣ። የፈተና ውጤት የሰማ ይኖራል፣ ሥራ ያገኘ ይኖራል፣ ጊዜ ብቻውን ያረጋጋውም አይጠፋም። መጠይቁን ለሁለተኛ ጊዜ የሚሞላ ሰው ጥያቄዎቹን አስቀድሞ ያውቃቸዋል። አቋርጠው የሄዱት ደግሞ፣ ምናልባትም ስልጠናው ያልጠቀማቸው እነሱ ናቸው፣ በመጨረሻው ቀን አዳራሹ ውስጥ ስለሌሉ አማካዩም ውስጥ የሉም። ከሁሉም የከፋው ግን ምልመላው ነው። ኃላፊው በኩራት እንደነገሩን፣ የተመለመሉት በመጀመሪያው ልኬት በራስ መተማመናቸው ዝቅተኛ ሆኖ የተገኙት ናቸው። በማናቸውም ልኬት ጫፍ ላይ የተገኘ ቡድን ዳግመኛ ሲለካ ወደ አማካዩ ጠጋ ይላል፤ የመጀመሪያው ዝቅተኛ ውጤት ከፊሉ የዚያን ቀን ድካም፣ ኩርፊያ ወይም ግዴለሽነት ነበርና። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ፍራንሲስ ጋልተን ይህን በወላጆችና በልጆች ቁመት ካሳየ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። የሥነ ልቦና ሊቁ ዳንኤል ካህነማን በእስራኤል አየር ኃይል ያገኛቸው የበረራ አሰልጣኞችም፣ ግሩም የበረረውን ሲያሞግሱት በሚቀጥለው ይበላሻል፣ የተበላሸበትን ሲቆጡት ይሻሻላል ብለው በሙሉ ልባቸው ያምኑ ነበር፤ ሙገሳውም ቁጣውም ባይኖር ያው ይሆን እንደነበር ግን አላስተዋሉም። ዝቅ ያሉትን ብቻ መርጦ፣ ከፍ ሲሉ «እኔ ነኝ ያነሳኋቸው» ማለት ከዚህ በምን ይለያል?

መጠይቁ የሚሞላበትንም ሁኔታ እንየው፤ እንዲህ ያሉ አዳራሾች ለማናችንም አዲስ አይደሉም። የመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። የምስክር ወረቀቶቹ መድረኩ ላይ ባለው ጠረጴዛ ተደርድረዋል፤ የአበል መፈረሚያው በሩ አጠገብ ነው፤ ሰልጣኞቹን ለሳምንታት በስማቸው ሲጠራቸው የቆየው አሰልጣኝ መጠይቁን እየዞረ ያድላል፣ እሱው ይሰበስባል። ወረቀቱ ላይ «በራሴ እተማመናለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ፤ ከጎኑ ከ«በጣም አልስማማም» እስከ «በጣም እስማማለሁ» አምስት ሳጥን። የትኛው ሳጥን ላይ ምልክት እንደሚጠበቅበት የማያውቅ ሰልጣኝ አለ? በእኛ ዘንድ ያስተማረህንና በክብር የሸኘህን ሰው ፊት ለፊት «ምንም አልጠቀምከኝም» ማለት ነውር ነው።

ነገሩ የእኛ ብቻም አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማርቲን ኦርን እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመው ጽሑፍ እንደተረከው፣ ለሙከራ ተሳታፊዎች እያንዳንዱ 224 ድምር የያዘ 2,000 ገጽ ወረቀት ሰጥቶ፣ ሰዓታቸውን ተቀብሎ፣ «ሥሩ፤ ስመለስ እመለሳለሁ» ብሎ ወጣ። ሰልችቷቸው ያቆማሉ ብሎ ነበር። ከአምስት ሰዓት ተኩል በኋላ የሰለቸው ሞካሪው እንጂ ተሞካሪዎቹ አልነበሩም። ቀጥሎ እያንዳንዱን የሠሩትን ገጽ ቢያንስ 32 ቦታ እየቀደዱ እንዲጥሉ አዘዛቸው፤ ቀደዱ፣ ቀጠሉም። «ለጥናት ነው» የተባለ ሰው ለአጥኚው ደስታ ይህን ያህል ከደከመ፣ አንድ ሳጥን ውስጥ ምልክት ማድረግ ምን ይከብደዋል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው ብሂል ለተመራማሪ ካልሠራ ለማን ሊሠራ ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሰልጣኙ ራሱ ተለውጫለሁ እያለ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም የሚለው ሐሳብ በተግባር ተፈትኖ ወድቋል፤ የወደቀውም በትንሽ ሙከራ አይደለም። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ኬምብሪጅና ሶመርቪል በተባሉ ጎረቤታም ከተሞች፣ ሐኪሙና የሃርቫርድ ፕሮፌሰሩ ሪቻርድ ካቦት ልጆችን ከወንጀል ለማዳን እ.ኤ.አ. በ1939 አንድ ፕሮግራም አስጀመሩ። አማካሪዎች በአማካይ በወር ሁለት ጊዜ ያህል በየቤቱ እየሄዱ ልጆቹንና ወላጆቻቸውን ይጎበኙ ነበር፤ በትምህርት የደከመ ይረዳል፣ የታመመ ይታከማል፣ በክረምት ደግሞ ካምፕ የሚላክ አለ። ይህ በአማካይ አምስት ዓመት ያህል ዘለቀ። የእኛ ኃላፊ ስልጠና ከዚህ ጋር ሲተያይ የከሰዓት ሻይ ነው።

ካቦት ግን ሐኪም ነበሩና አንድ ብልሃት አልዘነጉም። ልጆቹን በዕድሜ፣ በቤተሰብ ሁኔታ፣ በሰፈርና በጠባይ እያመሳሰሉ ጥንድ ጥንድ አደረጓቸው፤ ከየጥንዱ ማን ፕሮግራሙ ውስጥ እንደሚገባ የተወሰነው ሳንቲም ተወርውሮ ነው። በመጨረሻ 253 ጥንድ፣ ማለትም 506 ልጆች ተመዘገቡ። ሳንቲም የማንንም አባት አያውቅም፣ የማንንም ትጋት አይመለከትም። ሁለቱ ቡድኖች ወደፊት ከተለያዩ ልዩነቱን ለፕሮግራሙ መስጠት የሚቻለው በዚህ ምክንያት ነው። የፈተና ውጤት ይሰማ፣ ጦርነት ይምጣ፣ ዕድሜ ይግፋ፣ ሁለቱንም እኩል ያገኛቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጆአን ማኮርድ የተባለች ተመራማሪ የያኔዎቹን ልጆች፣ የአሁኖቹን ጎልማሶች፣ አፈላልጋ አገኘቻቸው። ፕሮግራሙ ውስጥ ከነበሩት መካከል ለጥያቄዋ መልስ ከሰጡት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በጅቶናል፣ ከመንገድ ላይ አድኖናል፣ ሰው ማመን አስተምሮናል አሉ። የእኛ ኃላፊ ቢሆኑ እዚህ ላይ መዝገቡን ዘግተው ወደ ቴሌቪዥን ጣቢያ በሄዱ ነበር። ማኮርድ ግን የፍርድ ቤት፣ የሆስፒታልና የሞት መዝገቦችን አገላብጣ ሳንቲሙ ካልወጣላቸው ጋር አስተያየቻቸው። እ.ኤ.አ. በ1978 ያሳተመችው ውጤት አሳፋሪ ነበር፦ ወንጀል ከሠሩት መካከል ደግመው የሠሩት፣ የመጠጥ ሱሰኝነት ምልክት የታየባቸው፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያገኛቸው፣ ቀድመው የሞቱት፣ በሥራቸው የማይደሰቱት፣ በእነዚህ ሁሉ መለኪያዎች ብልጫው በፕሮግራሙ እርዳታ ያገኙት ሆነ። ተረጂዎቹ አልዋሹም። እርዳታውን ሳያገኙ ቢቀሩ ኖሮ ምን ይሆኑ እንደነበር ሊያውቁ አይችሉም ነበር፤ ማንም ሰው ስለ ራሱ ይህን ሊያውቅ አይችልም። ምስጋናቸው እውነተኛ ነው፤ ማስረጃነቱ ባዶ ነው። ያ ሳንቲም ባይወረወር ኖሮ ይህ ፕሮግራም ዛሬም በየስብሰባው የስኬት ተሞክሮ ተብሎ ይቀርብ ነበር።

ስለዚህ ወጣቱን አለማመን ነው የሚለው ክስ ስሜት ከመኮርኮር አያልፍም። ወጣቱን አምነዋለሁ። የማላምነው ከወጣቱ ምስጋና ተነስቶ የራሱን በጀት የሚያጸድቀውን ነው።

«ቢያንስ አይጎዳም» ለሚሉም፣ የመኪና አደጋ ለደረሰባቸው ሰዎች በአንድ ቁጭታ የደረሰባቸውን ሁሉ እንዲያወሩ የሚያደርግ የምክር አገልግሎት በብሪታንያ ማን እንደሚያገኘው በዕጣ ተለይቶ ተፈትኖ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በመጀመሪያ ክፉኛ ደንግጠው ከነበሩት መካከል ምክሩን ያገኙት ሲሰቃዩ ያላገኙት አገግመው ተገኝተዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም ይህን አሠራር አይመክርም። መልካም ሐሳብ ከጉዳት ዋስትና አይሰጥም።

የሀብታም ሀገር ቅንጦት ነው የተባለው ደግሞ ከሁሉም ደካማው ነው፣ እዚሁ በሀገራችን ተሠርቷልና። ከተመራማሪዎቹ አንዱ ዓለማየሁ ስዩም ታፈሰ የሆነበት ቡድን በምዕራብ ሐረርጌ ዶባ ወረዳ የገጠር ነዋሪዎችን በዕጣ ለየ። አንደኛው ቡድን ከእነሱ በማይሻል ኑሮ ጀምረው የተሻሻሉ ሰዎችን ታሪክ የሚያሳይ የአንድ ሰዓት ያህል ፊልም ተመለከተ፤ ሁለተኛው ከዚያው ስክሪን ላይ አስቂኝ የመዝናኛ ዝግጅት ተመለከተ፤ ሦስተኛው ምንም አላየም። የመካከለኛውን ቡድን ልብ ይሏል። ከቤት ወጥቶ መምጣት፣ ከከተማ በመጡ ሰዎች መከበር፣ ከጎረቤት ጋር ተቀምጦ ስክሪን ማየት ብቻውን ሰውን ሊያነቃቃ ይችላል፤ ሲስቁ የዋሉት ሰዎች እዚያ የተቀመጡት ይህን ለይቶ ለማውጣት ነው። ከስድስት ወር በኋላ ታሪኩን ባዩት ዘንድ በቁጠባና በልጆች ትምህርት ላይ ጭማሪ ተገኘ፤ መጠነኛ ጭማሪ፣ አጥኚዎቹም ከመጠነኛ አላሳለፉትም። በጉራጌ ሶዶ ወረዳም ስኪዞፍሬኒያ የተባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ላለባቸው ሰዎች ማኅበረሰብ አቀፍ ድጋፍ በዚሁ በዕጣ ዘዴ ተፈትኖ፣ ጥቅሙ እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሟል። በዶባና በሶዶ የተቻለ ነገር አስፋልትና አዳራሽ ባለበት ከተማ ለምን ቅንጦት ይሆናል?

ጥቅም ያለውን ነገር ከአንዱ ነፍጎ ለሌላው መስጠት ሥነ ምግባር አይደለም የሚል ሙግትም ሰምቻለሁ። መጥቀሙ ገና አልታወቀም፤ የተጣላነውም በእሱ ላይ ነው። በሶዶ ዕጣው ያልወጣላቸው ሕሙማን የጤና ጣቢያ ሕክምናቸው አልተቋረጠባቸውም። በተረፈ ኮንዶሚኒየም በዕጣ ሲታደል በኖረበት ሀገር፣ የስልጠና ተራ በዕጣ መለየት ግፍ ነው ብሎ መሟገት አያስኬድም።

ዕጣ ሁሉን ነገር እንደማይፈታ አውቃለሁ። የሰለጠነና ያልሰለጠነ በአንድ ሰፈር ሲኖሩ ትምህርቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ በአንድ ወረዳ የተገኘ ውጤትም ለአዲስ አበባ ወጣት ላይሠራ ይችላል። እነዚህ ግን ማነጻጸሪያ ያለው ሰው የሚጨነቅባቸው ጥያቄዎች ናቸው። ማነጻጸሪያ የሌለው ገና እዚያ አልደረሰም።

በውይይቱ ላይ ኃላፊው ሳያስቡት አንድ ጠቃሚ ነገር ተናግረዋል፤ መስፈርቱን አሟልተው የተመዘገቡት ወጣቶች ከመቀመጫው እጅግ ስለበዙ ብዙዎቹን ለመመለስ ተገደናል ብለዋል። እንግዲያው የሚቀጥለው ዙር ተመዝጋቢዎች በዕጣ ይለዩ፣ ዕጣው ያልወጣላቸው ለተከታዩ ዙር ተራ ይያዝላቸው፣ ሁለቱም ቡድኖች በአንድ ሰሞን ይጠየቁ፣ መጠይቁንም አሰልጣኙ ሳይሆን ማን እንደሰለጠነ የማያውቅ ሰው ይሰብስብ። ለዚህ የሚጨመረው ወጪ ከምረቃው ቀን የአዳራሽ ኪራይ ይበልጣል ብዬ አላምንም። ውሳኔው ተፈርሞ ከሆነ ደግሞ፣ የተመለሱት ወጣቶች ስም ዝርዝር የት እንደተቀመጠ ኃላፊውን የሚጠይቃቸው ጋዜጠኛ ይገኝ።