ጋሽ እዚሁ

ዛሬ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ መፋቂያዬን ነክሼ በራችን ላይ ቆሜ ነበር። ጎረቤቴ ጥቁር ፌስታል አንጠልጥለው መጡ። ፌስታሉ ከውስጥ አልቦታል። የዳቦው ሽታ ከሳቸው ቀድሞ ደረሰ።

«ጋሼ፣ ይቺን ዳቦ ከየት ነው የሚያመጧት?» አልኳቸው።

«እዚሁ ነው» አሉኝ። በአገጫቸው ወደ አስፋልቱ ጠቆም አድርገው ገቡና በራቸውን ዘጉ። ሽታው እኔ ጋ ቀረ።

እዚሁ የት? አገጫቸው በጠቆመበት አቅጣጫ የጅማችን መርካቶ አለ፣ ፈረንጅ አራዳ አለ፣ ትንሽ ገፋ ካሉበት ደግሞ ሌላ ከተማ፣ አጋሮ አለ። ዳቦ ፍለጋ አጋሮ ልውረድ? ክፉ ሰው ቢሆኑ ባልገረመኝ። አይደሉም። ብር ሲቸግረኝ ያበድሩኛል። ባለፈው ክረምት ጣሪያዬ ሲያፈስ መሰላላቸውን ራሳቸው ተሸክመው ነው ያመጡልኝ። አንድ እድር ነን፤ ቡና ሲፈላ ተጠራርተን ነው የምንጠጣው። ስለ ቡና ብጠይቃቸው ከየትኛው ጫካ እንደተለቀመ፣ የታጠበ ይሁን በጀንፈሉ የደረቀ፣ ከአቦል እስከ በረካ ሲያስረዱኝ ይውላሉ። ዳቦ ላይ ሲደርሱ ግን አገጭ።

እዚያው ቆሜ ስም አወጣሁላቸው። ጋሽ እዚሁ።

ስም ማውጣት ደግሞ እንዲሁ በባዶ አይሆንም። የዳቦ ስም የተባለው በምክንያት ነው። ልጆች ሆነን ለአንዱ ቅጽል ስም ሲወጣለት ዳቦ ይቆረስ ነበር። ዳቦው ከተቆረሰ ስሙ ጸና ማለት ነው፤ ባለስሙ ቢያለቅስ፣ እናቱን ጠርቶ ቢመጣ፣ አለቀ። እኔም ሁለተኛ ክፍል እያለሁ አንዲት ፉርኖ ለስምንት ተቆርሳ ስም ወጥቶልኛል። ምን እንደሆነ አልነግራችሁም። መርካቶ ውስጥ ግን ዛሬም ድረስ በዚያ ስም የሚጠራኝ አብሮ አደጌ የሆነ ባለሱቅ አለ። ሐጅ ደርሶ እንኳን መጥቷል፤ ስሜን ግን አልተወልኝም።

ስለዚህ ለጋሽ እዚሁም ዳቦ መቆረስ አለበት። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የሚቆረስ ዳቦ የለኝም።

ዳቦ ቤትማ አለ። ከደጄ አርባ እርምጃ ቢሆን ነው። እዚያ የሚሸጠው ነገር ግን ልቁረስህ ቢሉት አይቆረስም፤ ወይ ይፈረፈራል ወይ ይተነፍሳል። ስትገዛው የሕፃን ጭንቅላት ያክላል፤ ጨበጥ ስታደርገው መዳፍህ ውስጥ ይጠፋል። ምክንያቱን ድሮ ጋጋሪ የነበረ ወዳጄ ነው ያስረዳኝ። ሊጥ ጊዜ ይፈልጋል። እርሾው ረጋ ብሎ ሲሠራ ነው ጣዕሙም የሚመጣው። የእኛ ሰው ይቸኩላል፤ እርሾ ያበዛበትና ገና ኩፍ ከማለቱ ምድጃ ውስጥ ይወረውረዋል። ጅማ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ሊጥ በራሱም ጊዜ ቶሎ ይነፋል። ችኩል ሰውና ችኩል ሊጥ ተገናኙ። ጠዋት ለስላሳ የነበረው ከሰዓት በኋላ ስፖንጅ ነው፣ በማግስቱ የበር ማቆሚያ ነው። ፍሪጅ ውስጥ ብትከቱት ጭራሽ ይብሳል፤ ዳቦ ከደጅ ይልቅ ፍሪጅ ውስጥ ነው ቶሎ የሚያረጀው። ይህን ለእህቴ ሦስት ዓመት ሙሉ ነግሬያታለሁ። ፍሪጇ አሁንም በዳቦ እንደተሞላ ነው።

«ትኩስ ነው?» ብለህ ከጠየቅክ ሻጯ «ወላሂ፣ አሁን ነው የወጣው» ትልሃለች። ጠዋትም አሁን ነው፣ ማታም አሁን ነው። መብራት ከጠፋ ሁለት ቀን በሆነው ጊዜ እንኳን አሁን ነው የወጣው። በምን ወጣ?

አያቴ ብትኖር «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ትለኝ ነበር፤ አርባ እርምጃ ላይ ዳቦ ቤት እያለህ የሰው ፌስታል ምን አሸተተህ ማለቷ ነው። ይህን ተረት እወደዋለሁ። የማይሆንለት ነገር የለም። አጎቴ ሞተር ሳይክል ሲገዛ ብላዋለች፣ ጎረቤቷ ሁለተኛ ሚስት ሲያገባ ብላዋለች፣ እኔ ጢም ሳሳድግ ሁለት ጊዜ ብላኛለች። የሚገርመው አያቴ ጤፍ ስትበደር አላየኋትም። ስታበድርም አላየኋትም። ቤቷ የሚበላው የበቆሎ ቂጣ ነበር። አሁንማ ተረቱ ራሱ ተወደደ። በዛሬ ዋጋ ጤፍ የሚያበድር ጎረቤት ያለው ሰው፣ ሳይቸግረውም ቢበደር እኔ አልፈርድበትም።

ወደ ጋሽ እዚሁ ልመለስ። አይ፣ መጀመሪያ የከረሜላውን ልናገር።

ከዚያ አርባ እርምጃ ላይ ካለው ዳቦ ቤት ጋር ተኳርፈናል። እነሱ አያውቁም እንጂ እኔ ካኮረፍኩ ቆየሁ። ለረጅም ጊዜ መልሴን በከረሜላ ነበር የሚሰጡኝ። «ዝርዝር የለም» ይሉና ሁለት ከረሜላ። በነጋታው ሌላ ሁለት። እኔ ከረሜላ አልበላም፤ መሳቢያ ውስጥ አጠራቀምኳቸው። አንድ ቀን በኪሴ ሞልቼ ሄድኩና ጠረጴዛው ላይ ቆጥሬ ደርድሬ «አራት ዳቦ ስጪኝ» አልኳት። ሳቀች። ከኋላዬ የተሰለፉትም ሳቁ። ከዚያ ከረሜላዎቼን አንድ በአንድ ሰብስባ በፌስታል መለሰችልኝ፤ የፌስታሉን ግን አስከፈለችኝ። ዛሬ ደግሞ በስልክ ልክፈል ስላት «ኔትወርክ የለም» ነው። ከረሜላው ይሻል ነበር።

እስከዚህ ያለው ቀልድ ነው። የማያስቀው ግራሙ ነው። ዳቦዋ ታንሳለች፤ ደግሞ ቆይታ ታንሳለች። «ዋጋ አልጨመርንም እኮ» ይሉሃል፤ እውነታቸውን ነው፣ የቀነሱት ዳቦውን ነው። ትንሽ ቆይተው ዋጋውንም ይጨምሩታል፤ ያነሰው ግን እንዳነሰ ይቀራል። ለእኔ ተጨማሪ አንድ መግዛት ነው፣ አጉረመርምና እገዛለሁ። ለቀን ሠራተኛው ግን ሁለት ዳቦ በሻይ ምሳው ነው። ድንጋይ ሲሸከም ውሎ አየር ነው የሚጎርሰው። ዳቦ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሚዛን ማስቀመጥ ይህን ያህል ከባድ ነው? እዚህ ከተማ ቡና ሲመዘን ሻጩም ገዢውም ትንፋሻቸውን ይዘው ነው ሚዛኑ ላይ የሚያፈጡት። ዳቦ ሲሆን በዓይን። የሚሸጠው ሰው ዓይን ነው ደግሞ።

ባለፈው ቅዳሜ ሌላ ዳቦ ቤት ልፈልግ ብዬ በባጃጅ ፈረንጅ አራዳ ሄጄ ነበር። ስሙ ነው የሳበኝ። ጣልያን በ1928 መጥቶ በ1933 እስኪባረር ድረስ ከተወልን ነገር አንዱ ፉርኖ የሚለው ቃል ነው። በሱ ቋንቋ ምድጃ ማለት ነው። እኛ ዳቦውን በምድጃው ስም ጠራነው። ለዚህኛው ስም ማን ዳቦ እንደቆረሰ እንጃ። እና የባጃጁን ልጅ «ጥሩ ዳቦ ቤት የት አለ?» አልኩት። «ብራዘር፣ ድሮ ነበር» አለኝ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። ድሮ ነበር፣ አንድ ሽማግሌ ይጋግሩ ነበር፣ በእንጨት ምድጃ ነበር፣ ከሩቅ ይሸት ነበር። አንዷ ሴትዮ በጣም አሳምራ ስለነገረችኝ ቤቱን ለማየት ብቻ ሄድኩ። ስልክ መሸጫ ሆኗል። ባዶ እጄን አልመለስም ብዬ የስልክ ከቨር ገዝቼ መጣሁ።

ጥሩ ዳቦ ቤት ሁሉ ወይ ተዘግቷል ወይ እዚሁ ነው።

ድፎ ማስጋገርም አስቤያለሁ። ኮባው እንደሆነ ችግር የለም፤ አገሩ የእንሰት አገር ነው፣ እኛ ጓሮ ራሱ ሦስት ቆሟል። በኮባ ተጠቅልሎ፣ ከላይ እሳት ከታች እሳት፣ ሲወጣ ቅርፊቱ በጣት ሲመታ ድም የሚል። እንዲህ ያለ ዳቦ ቢቆረስባቸው ጋሽ እዚሁም ስማቸውን ወደው ነው የሚቀበሉት። ለባለቤቴ «ድፎ ብትደፊ ምን ይመስልሻል?» አልኳት።

«ለየትኛው በዓል?»

ነገርኳት። ሳልደብቅ፣ ከመፋቂያው ጀምሬ።

«ሽማግሌ ላይ ስም ለማውጣት ብዬ ዱቄት አላቦካም» አለችኝ። ስንዴው ከአርሲና ከባሌ እዚህ እስኪደርስ የሚጨምረውን ዋጋ ደግሞ በሳንቲም ቆጠረችልኝ። እሺ አልኳት።

ስለዚህ ስሙ ገና አልጸናም። እናንተም ለጊዜው ጋሽ እዚሁ ብላችሁ እንዳትጠሯቸው። ዋናው ጥያቄ ግን... ቆይ፣ 10 ሰዓት ተኩል ሆነ እንዴ? የማታው ዳቦ የሚወጣበት ሰዓት ነው። የሳቸው በር ሲጥ ሲል ሰማሁ። በአጥሩ ቀዳዳ ይታያሉ፤ ጥቁሩን ፌስታል አራት ቦታ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ዣንጥላም ይዘዋል። ሰማዩ ገና ጥርት እንዳለ ነው እኮ። ዣንጥላ ከተያዘማ ሩቅ ነው።

ጫማዬን የት ነው ያኖርኩት?