ንግሥተ ሳባ ቦኖ ላይ

ባለፈው የትንሣኤ ሰሞን ኢየሩሳሌም ነበርኩ። አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ የሰንሰለት በር ከሚባለው ፊት ለፊት፣ አንድ የድሮ የውኃ ማደያ አለ። እነሱ "ሰቢል" ይሉታል፤ እኛ ብንሆን ቦኖ እንለዋለን። እሱ ጋ ስንደርስ የቡድናችን ሁሉን አዋቂ ጉሮሮውን ጠረገ። የተሳላሚ ቡድን ያለ ሁሉን አዋቂ አይሄድም፤ ታውቁታላችሁ። ማንም አልሾመውም። ስልኩን በዱላ ሰክቶ ላይቭ ገብቷል።

"ወገኖቼ፣ ይህን ያሠራው ጠቢቡ ሰሎሞን ነው! ንግሥተ ሳባ ያቺን ሌሊት የጠጣችው ውኃ ከዚህ ነው!"

እልልታው ቀለጠ።

እንዲህ ያለ ሰው ባይኖር ምን ይውጠን ነበር? የታሪክ ምሁር አንዷን ዓመተ ምሕረት ለማጣራት ዕድሜውን ይፈጃል። የእኛ ሰው ማስቲካውን እያኘከ፣ እዚያው ቆሞ ይገላግለናል። ሦስት ሺህ ዓመት ኪሱ ውስጥ ነው፤ ለፈለገው ድንጋይ ይመፀውታል።

እኔም አመንኩ። ነገሩ እኮ ግልጽ ነው። ሰሎሞን ግብዣው ላይ ቅመምና ጨው አበዛ። ሳባን ሌሊት ጥም አቃጠላት። ቤተ መንግሥቱ ደግሞ በፈረቃ ነው፤ ያን ቀን ውኃ የሌላ ሰፈር ተራ ነበር። ምን ታድርግ? ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቢጫ ጀሪካኗን አንጠልጥላ ወረደች። ሰቢሉ የተሠራው ግን በ1537 ነው፤ እንደ ፈረንጆቹ። ስለዚህ ጀሪካኗን ተራ አስይዛ 2500 ዓመት ገደማ ቆመች። (የአዲስ አበባ ሰው በዚህ አይደነግጥም።) መሃል ገብታ ለመቅዳት ብትሞክር ሴቶቹ "ንግሥት ብትሆኚስ? ተራሽን ጠብቂ!" ብለው መለሷት። ደግነቱ ደረሳት። ሰቢሉ ያኔም እንደ ዛሬው ደርቆ ቢሆን ኖሮ ቀዳማዊ ምኒልክ የለም፤ ሥርወ መንግሥታችን በውኃ ጥም ቀርቶ ነበር።

አረብኛ አላነብም። ጎን ያለው ባለሱቅ ግን ድንጋዩ ላይ የተቀረጸውን አነበበልኝ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ያሠራው ሱልጣን ሱለይማን ነው፣ የሱልጣን ሰሊም ልጅ፤ ዓመቱ 943 ሂጅራ። ሱለይማን በአረብኛ ሰሎሞን ማለት ነው፤ የእኛው ሰሎሞን ግን የዳዊት ልጅ ነበር። አባት ሲቀየር እንኳ አንጠይቅም? ይህ የኦቶማን ቱርክ ሱልጣን በዚያው ዘመን ሌሎች ሰቢሎችን አሠርቷል፤ ዛሬ የሚታየውን የከተማዋን ቅጥርም ያሠራው እሱው ነው። ውኃው ቤተልሔም አቅራቢያ ካሉ ሦስት ትልልቅ ኩሬዎች ይመጣ ነበር። ሞተር የለ፣ ምን የለ፤ በቁልቁለት ብቻ፣ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ተጠማዝዞ። ኩሬዎቹ "የሰሎሞን ኩሬዎች" ነው የሚባሉት። ይህን ለሁሉን አዋቂው እንዳትነግሩብኝ።

ቀና ካላችሁ ደግሞ ከመስቀል ጦረኞች ዘመን ሕንጻ የተነቀለ ክብ የአበባ መስኮት ታያላችሁ። ታች ያለው ገንዳ የጥንት ሰው የድንጋይ ሬሳ ሣጥን ነው። ሱልጣኑ የክርስቲያን መስኮትና የሙት ሣጥን አጋጥሞ መንገደኛ አጠጣበት። ከዚህ በላይ ምን ተረት ያስፈልጋል?

ሣጥኑ ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሶፍት፣ የሲጋራ ቁራጭ፣ ላስቲክ። ሰውዬው ላይቩን ሲጨርስ ባዶ ሃይላንዱን እዚያው ወረወረ። እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። አጠገቤ የቆሙት እማማ ለዚህ መንገድ ዓመታት ዕቁብ ጥለዋል። በዚያ ብር ውሸት ሸጠላቸው። ደረቁን ድንጋይ በእጃቸው ዳብሰው ፊታቸውን ሲያሹ ቆሞ ቀረጻቸው። ትንሽ እንኳ አላፈረም!

"ልጄ፣ ጽሑፉ ምን ይላል?" አሉኝ።

ነገርኳቸው።

"ቱርክ ነው?"

"አዎ፣ እማማ።"

"ውኃ አጠጥቷል አይደል? ነፍሱን ይማረው።" ጎንበስ ብለው ሃይላንዱን አወጡና ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ሁሉን አዋቂው ርቆ ሄዷል። ዱላውን እያወዛወዘ ይጣራል። "ቶሎ ቶሎ በሉ! ቀጥለን የምናየው ሰሎሞን ያሠራውን የከተማ ቅጥር ነው!"