ፕሬዚዳንቱ ብቻቸውን አይወስኑም
ወንድሜ፣ «የአሜሪካ የውጭ ፖሊሲ ፕሬዚዳንቱ ያሉት ነው፤ ኮንግረሱ አጨብጫቢ ነው» ብለው የጻፉት ብዙ ሰው የሚደግመው ስሕተት ነው። የደቡብ አፍሪካን የአፓርታይድ (የዘር መድልዎ አገዛዝ) ጉዳይ ይመልከቱ። ከ1984 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ይህን አገዛዝ የሚቃወሙ ሰልፈኞች ዋሽንግተን በሚገኘው የደቡብ አፍሪካ ኤምባሲ ደጃፍ እየቆሙ፣ እጃቸው በካቴና እየታሰረ ይወሰዱ ነበር። ተማሪዎችም ዩኒቨርሲቲዎቻቸው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከሚነግዱ ኩባንያዎች ገንዘባቸውን እንዲያወጡ ወጥረው ያዙ። በ1986 ኮንግረሱ በደቡብ አፍሪካ ላይ የማዕቀብ ሕግ ሲያወጣ ፕሬዚዳንት ሬጋን ውድቅ አደረጉት። ሁለቱ የኮንግረሱ ምክር ቤቶች ግን፣ የተወካዮች ምክር ቤት 313 ለ83፣ ሴኔቱ 78 ለ21 በሆነ ድምፅ፣ ውሳኔያቸውን ሻሩት። ያን ጊዜ የሴኔቱ አብላጫ ወንበር በራሳቸው በሬጋን ፓርቲ እጅ እንደነበር ልብ ይበሉ! ፕሬዚዳንት ዊልሰንም ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የደከሙለትን የመንግሥታት ማኅበር ሴኔቱ አላጸድቅም ብሎባቸው፣ አሜሪካ አባል ሳትሆን ቀርታለች። ጦር በማዝመት ረገድ ግን ፕሬዚዳንቶቹ ሰፊ ሥልጣን እንዳላቸው አልክድም።