ጋሼ ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር

ቅዳሜ ማታ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር፣ እህቴ ቤት ፊልም አየን። የምን ማየት፤ ሰማን።

ጎረቤቷ ጋሼ መጥተው ነበር። እናንተም ሰፈር አንድ ስለማይጠፋ ብዙ መግለጽ አያስፈልገኝም። ሶፋው መሐል የሚቀመጡት፣ ፈንድሻው በቅድሚያ የሚቀርብላቸው፣ ገና ፍላሹ ሳይሰካ «ይቺን አይቻታለሁ» የሚሉት። እግዜር ይስጣቸው። እሳቸው ባይኖሩ እኮ በገዛ ዓይናችን ልናይ ነበር!

የከፈትነው «ፍሎው» የሚባለውን አኒሜሽን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ኦስካር ያገኘውን የላትቪያ ፊልም። ምድሩን ጎርፍ ይውጠውና አንዲት ድመት ከሌሎች እንስሳት ጋር ጀልባ ላይ ትጓዛለች። 85 ደቂቃ ሙሉ አንድ ቃል የሚናገር የለም። ድመቷ ትጮኻለች፣ ውሻው ይጮኻል፣ በቃ።

ጋሼ ተረጎሙት።

«‹በሕግ አምላክ አውርዱኝ!› እያለች ነው» አሉ። ውሻው ሲጮኽ «ይሄ ምሳ አልበላም» አሉ። ካፒባራው ጀልባዋ ላይ ሲጋደም ደግሞ «የጣና ጉማሬ ግልገል ነው። ዓባይ መውጫው ጋ በዓይኔ አይቼዋለሁ» አሉ። የደቡብ አሜሪካ እንስሳ ነው ብላቸው «ጣና ምን ጎድሎበት!» ብለው ገላመጡኝ። ሌሙሩን የዘጌ ጦጣ አደረጉት። የሚሰበስበው መስታወትና ጌጣጌጥ ለቅዳሜ ገበያ ነው ተባለ። እግረ ረጅሙ ነጭ ወፍ መሪውን ሲይዝ «ሊቀ መንበሩ ነው፤ ‹ቃለ ጉባኤ ያዙ› እያለ ነው» አሉ። ጀልባዋ ሸራ አላት። ጋሼ ግን ታንኳ ናት ብለው ደንገሉ በደንብ እንዳልደረቀ፣ ውኃ እንደሚጠጣ፣ እሳቸው በወጣትነታቸው ፀሐይ ላይ እንዴት ያሰጡት እንደነበር አስረዱን። ውኃው ዛፉን ሲውጥ ጭራሽ ተቆጡ። «እምቦጩስ? ውሸታም ፊልም ነው። እንዲህ ያለ ንጹሕ ውኃ የት አለ!»

አንዱ ነገር ላይ ግን ማሾፍ አቃተኝ። ድመቷ ውኃው ውስጥ ስትሰምጥ የእህቴ ልጅ ፈንድሻ የያዘ እጇ አፏ ሳይደርስ ቀረ። 7 ዓመቷ ነው። ትንፋሿን ይዛለች። ጋሼ ጎንበስ ብለው «አይዞሽ፣ አትሞትም» አሏት። እጇን አወረደች። የእናቷን ስልክ አንሥታ ጌም ከፈተች።

ተናደድኩ። ከልቤ። ለድመት መስጋት የልጅቷ ነበር። ማን ውሰዱባት አላቸው? እኛም ታላቅ ናቸው ብለን ዝም አልን። እዚህ አገር ታላቅ ሲያወራ ፊልሙ ነው ዝም የሚለው።

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

እሑድ የድሮ ድራማ ቀጠልን፤ ሲድኒ ሉሜት እ.ኤ.አ. በ1957 የሠራውን «12 ቁጡ ሰዎች»። ጥቁርና ነጭ ነው። አባቱን ገድሏል በተባለ ወጣት ላይ እንዲፈርዱ 12 ሰዎች አንድ ክፍል ይቆለፍባቸዋል። መጀመሪያ እጅ ሲቆጠር 11ዱ ጥፋተኛ ነው አሉ፤ አንዱ ብቻ እስኪ እንነጋገርበት አለ። ያ አንድ ሰው 11ዱን ምን ሊያደርጋቸው ነው? ፊልሙ እኮ ይኸው ነው።

ጋሼ እጁ ተቆጥሮ ሳያልቅ «ልጁ ነፃ ይወጣል» አሉ። (እኔም ይኸው ነገርኳችሁ። በሽታው ይጋባል።) ከዚያ የሰዎቹን ላብ አዩና ማራገቢያውን የሚያሠራ ባለሙያ ጠፋ ወይ ብለው አዘኑ።

ያ ብቸኛ ሰው ከኪሱ ጩቤ አወጣ። ማስረጃ ሆኖ ከቀረበው ጋር ቁርጥ አንድ ዓይነት ነው። ጠረጴዛው ላይ ሰካው።

መብራት ጠፋ።

ጨለማው ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁላችንም ወደ ጋሼ ዞርን። «እሺ ጋሼ፣ ከዚያስ? እንዴት አሳመናቸው?» አለች እህቴ።

«እኔ እንጃ» አሉ፤ ፈንድሻ ሲዘግኑ ይሰማል። «እኔ መች አየሁት? መጨረሻውን ነው የነገሩኝ።»