ላፕቶፕ ይዞ ላንጋኖ

የዛሬው ምስጋናዬ ለግላቸው ለሚሠሩ የሒሳብና የግብር አማካሪዎች ይድረስ። እነዚህ ሰዎች ዕረፍት አይወጡም፤ ቢወጡም አያርፉም። ደግሞ በኩራት ነው የሚናገሩት። «እኔ እኮ ዕረፍት የሚባል ነገር ከረሳሁ ቆየሁ» ሲሉ ደረታቸው ላይ ሜዳሊያ ያለ ነው የሚመስላቸው።

ተቀጣሪማ ምን አለበት? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ገና በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ይሰጠዋል። በየሁለት ዓመቱ ደግሞ አንድ ቀን ይጨመርለታል። ቅጽ ይሞላል፣ አለቃውን ያስፈርማል፣ ደመወዙ እየታሰበለት ይተኛል። የኛ ጀግና ግን አለቃውም ሠራተኛውም ራሱ ነው። ሠራተኛው ዕረፍት ሲጠይቅ አለቃው «አሁን? በዚህ ሰዓት?» ይለዋል። ሌላ መሥሪያ ቤት ቢሆን ይሄኔ ተካስሰው ነበር።

የሚገርመው የደንበኞቹን ሠራተኞች የዕረፍት ቀን አንድም ሳያዛንፍ የሚያሰላው እሱው ነው። ለኮምፒውተሩ በየዓመቱ የእርጅና ቅናሽ ይይዛል። ኮምፒውተር ያረጃል፣ ወንበር ያረጃል፣ እሱ አያረጅም። ለወገብ ሕመም ቅናሽ የሚፈቅድ መመሪያም እስካሁን አልወጣም።

ደግሞስ መቼ ይረፍ? ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 የዓመታዊ ግብር ወቅት ነው። ከዚያ በኋላ ቫቱ፣ የደመወዝ ግብሩ፣ ጡረታው በየወሩ ይመጣል። ፋታ አገኘሁ ሲል ኦዲት ይጠራል። ደንበኛውም ምስጋና አይነፈገው። ዓመቱን ሙሉ ደረሰኙን በፌስታል ሲያጠራቅም ይከርምና ቀኑ ሊያልቅ ሲል ጠረጴዛ ላይ ዘርግፎ «ያው አንተ ታውቅበታለህ» ይላል።

ለሙያ ባልደረባው «እስኪ አንድ ሳምንት ያዝልኝ» ቢልስ? አይልም። ደንበኛውን ይወስድበታላ! ባልደረባውም ስለ እሱ የሚያስበው ይህንኑ ነው። ሁለቱም ተፈራርተው ሁለቱም ሳያርፉ ይኖራሉ። ይህን መተማመን ነው እንግዲህ የማደንቀው።

አንዱን በቀደም ላንጋኖ አየሁት። ቁምጣ ለብሷል፤ ስለዚህ ዕረፍት ላይ ነው። ፀሐዩ ስክሪኑን አላሳይ ስላለው ከነላፕቶፑ ፎጣ ተከናንቦ ጉንፋን ይዞት ባሕር ዛፍ የሚታጠን መስሏል። ልጆቹ ከውኃው ውስጥ «አባዬ ና!» ይላሉ። «መጣሁ፣ አንድ ዲክላሬሽን ብቻ!» የሚል ድምፅ ከፎጣው ሥር ይወጣል። ያዘዘው አሳ ቀዝቅዟል። ባለቤቱ መጣራት ከተወች ቆይታለች። ስልኩ ጮኸ።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?»

«አንተ ልጅ፣ ዕረፍት ወጥቷል አሉኝ። አልረብሽህም።»

«ኧረ ችግር የለውም ጋሼ።»

«እንዲያ ከሆነማ ይቺን የወሩን ቫት አንድ በልልኝ። ደረሰኞቹን በቴሌግራም ልኬልሃለሁ።»

ልከዋል። ግማሹ ፎቶ ደረሰኝ፣ ግማሹ የጋሼ አውራ ጣት ነው። ቁጥሩ 3 ይሁን 8 ለመለየት ፎጣውን ጥሎ ተነሣ። ከዚያ ኔትወርክ ፍለጋ ስልኩን ወደ ሰማይ ሰቅሎ በዳርቻው ከወዲያ ወዲህ ይል ጀመር። ለእግሩ ጥሩ ነው፤ ሐኪሞችም ይመክራሉ። ትንሹ ልጁ ጨዋታ መስሎት ከኋላው ይከተለዋል።

ማታ ፌስቡክ ላይ የሐይቁን ፎቶ ለጠፈና «ዕረፍት ለአእምሮ አስፈላጊ ነው» ብሎ ጻፈበት። ጋሼ ላይክ አድርገውለታል።

ሐቁን ለመናገር አልፎ አልፎ የምር ያርፋል። «ሲስተም የለም» የተባለ ቀን። ያን ቀን ሕሊናው አይወቅሰውም፣ ደንበኛም አይቆጣውም። አገር ሁሉ የሚያውቀው ምክንያት ነውና ማብራሪያ አያስፈልገውም። ስልኩን ድምፁን ያጠፋል፣ ቡና ያስፈላል፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ራሱ ያመጣል። ከሰዓት በኋላ ሶፋው ላይ ጋደም ሲል እንቅልፍ ይወስደዋል። አሁንማ ልጆቹም ለምደውት ማታ ሲጸልዩ ነገ ሲስተም እንዳይኖር ይለምናሉ አሉ።

ሲስተሙ መመለሱን ቀድመው የሚሰሙት ግን ጋሼ ናቸው። ስልክ ካልተነሣላቸው በር ድረስ ይመጣሉ፤ ፌስታላቸውን ይዘው።