የሁለት አውራ ዶሮ ግቢ ውዳሴ

የድሬዳዋ ሰው የሚመሰገንባቸው ነገሮች ብዙ ናቸው፤ ማንም ሳያስተምረው የተካነው ጥበብ ግን አምስት ሴት ዶሮዎች በሚውሉበት ግቢ ሁለት አውራ ዶሮ የማኖር ጥበብ ነው። አንዱን አርዶ ወይም ሸጦ መገላገል ለሰነፎች የተተወ መንገድ ነው። ሳቢያን በምንኖርበት ግቢ ቀዩ አውራ ዶሮ የአከራያችን የእትዬ ሲሆን ገብስማው የእኔ ነው። ቀዩ ቢታረድ የአከራይ ክብር ይነካል፤ ገብስማው ቢሸጥ ተከራይ ተሸነፈ ይባላል። ስለዚህ ሁለቱም ይኖራሉ፤ ክብራችንም በአራት እግር ሲንጎራደድ ይውላል።

የዶሮ እርባታ ባለሙያዎች ለስምንት ወይም ለአሥር ሴት ዶሮዎች አንድ አውራ ዶሮ ይበቃል ይላሉ። እንዲያውም ጫጩት ለማስፈልፈል ካልተፈለገ በስተቀር፣ ሴቷ ያለ ወንድ እንቁላል መጣሏን ስለማትተው አውራ ዶሮው ጨርሶ ባይኖርም ችግር የለም። ይህን ለእትዬ በዝርዝር ባስረዳቸው፣ "እንግዲያውስ ያንተን እረደው" አሉኝ። ለሳይንስ ያላቸው አክብሮት አስደነቀኝ፤ እኔ እንኳ የነገርኳቸው ሳይንሱ የሚመለከተው የአከራይን ዶሮ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ጠቡ የሚጀመረው ገና ከቆጥ ሲወርዱ ነው። አንገታቸውን ወደ መሬት ዝቅ አድርገው፣ የአንገታቸውን ላባ እንደ ጃንጥላ ዘርግተው ይፋጠጣሉ፤ በመካከሉ አንዱ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ መሬቱን ጫር ጫር አድርጎ የሌለ ማሽላ ይለቅማል። ከዚያ እኩል ዘለው ከእግራቸው ኋላ በበቀለው ሹል ጥፍር ይማታሉ። በዚህ ጊዜ ለመገላገል የሚነሳ ሰው አለመኖሩ የአስተዳደጋችንን ጨዋነት ያሳያል። ጣልቃ ገቡ ተብለን እንዳንታማ ስኒያችንን ይዘን በየደጃፋችን እንቀመጣለን። እትዬ "አቦ ተዋቸው፣ ይውጣላቸው!" ይላሉ፤ ከአጥር ማዶ ያለው ጎረቤታችንም በርጩማ ላይ ቆሞ ማን እየመራ እንደሆነ ለመንገደኛው ያስተላልፋል። አንድ ቀን የገብስማው ራስ ሲደማ ቁስሉን ለብ ባለ የጨው ውሃ እያባበልኩ አጠብኩለት፤ ባለቤቴ እንደታዘበችው ከሆነ ልጃችን ጉንፋን ሲይዘው ይህን ያህል አልራራሁም።

ስለ ሴቶቹ ዶሮዎች ብዙ የሚባል የለም። የጀርባቸው ላባ በሁለት ባል ጥፍር ተነቅሎ ቆዳቸው ቀልቶ መታየቱን፣ የድሬን ሙቀት እንዲችሉ ታስቦ የተደረገላቸው ውለታ አድርገን ወስደነዋል። እንቁላሉ ሲቀንስም እኔና እትዬ ያለ ክርክር የተስማማንበት ብቸኛ ነገር ተገኘ፤ ጥፋተኛዋ ፀሐይ ናት አልን። ሙቀት እንቁላል መቀነሱ እውነት ነውና እሷም መከላከያ አላቀረበችም።

ሌሊቱም የራሱ በረከት አለው። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902 ከባቡሩ ጋር የተቆረቆረች ከተማ ናትና ነዋሪዋ ፊሽካ የለመደ ነው፤ አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ከተሠራ ወዲህ የጎደለውን ድምፅ የሚሞሉልን እነዚህ ሁለቱ ናቸው። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ አብረው ከሚኖሩ አውራ ዶሮዎች መካከል ንጋትን ቀድሞ የሚያውጀው የበላዩ እንደሆነና የበታቾቹም በማዕረጋቸው ተራ እንደሚከተሉት አሳይተዋል። በእኛ ግቢ የበላዩ ገና ስላልለየ አዋጁ ከ11 ሰዓት ወደ 10 ሰዓት ተስቧል። እኔም ከመኝታዬ ሳልነሳ የቀደመውን በስልኬ እመዘግባለሁ፤ በእኔ መዝገብ ገብስማው እየመራ ነው፤ የእትዬ መዝገብ ሌላ ይላል።

እኩለ ቀን ላይ ግን አሳፋሪ ነገር ይታያል። ዶሮ የማያልበው ፍጥረት በመሆኑ ሙቀቱን የሚያስወጣው በማለክለክ ነውና፣ 7 ሰዓት ገደማ ሁለቱ ጀግኖች ክንፋቸውን ከጎናቸው ራቅ አድርገው፣ አፋቸውን ከፍተው ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር ጎን ለጎን ይተኛሉ፤ ከአንድ የዛገ ጣሳም ተራ በተራ ውሃ ይጠጣሉ። እኔና እትዬ በዚያ ሰሞን ቡና መጠራራት አቁመን ስለነበር የዶሮዎቹ አቋም ማጣት አንገታችንን አስደፋን።

ፋሲካ ሲቃረብ ሽማግሌ ገባ። እትዬ ቀዩን፣ እኔም ገብስማውን እንድናርድ ተወሰነ፤ ሁለታችንም ተስማማን፤ የቀረው ማን ይቅደም የሚለው ብቻ ነበር። የጾሙ 55ኛ ቀን ሲደርስ ሁለታችንም የሌላውን ቢላ ድምፅ ስናዳምጥ ረፈደ፤ በመጨረሻም በየፊናችን ቀፊራ ወርደን ለወጡ የሚሆን ሌላ አውራ ዶሮ ገዝተን ተመለስን። እትዬ የገዙት ታረደ። እኔ የገዛሁት ግን እግሩ ታስሮ፣ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ከባጃጅ ሲወርድ ቀዩን በአንድ ዓይኑ ሲያፈጥበት ስላየሁ ቢላውን ወደ ጓዳ መለስኩት። በዓሉን በቅርጫ ሥጋ አሳለፍን። በማግስቱ ሌሊት ከሁለቱም ቀድሞ የጮኸው እሱ ነው።